በቢሮ ላፕቶፕ ጌም መጫወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ፍለጋ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድ ወይም የኤችፒ ኤሊትቡክ ነው። ጥሩ ምርጫ ነው። አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው አይሰለችም፣ ተፈትተው ይጠገናሉ። ችግሩ የሚመጣው ማታ ላይ ጌም ሲከፈትባቸው ነው። እነዚህ ማሽኖች ለአጭር ጊዜ ፈጥነው መልሰው እንዲያርፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ጌም ደግሞ ሰዓታትን ሙሉ ሳያሳርፍ ያሠራቸዋል።

ይህን ገጽ ያዘጋጀነው አንድ ነገር አጥብቀን ለማሳሰብ ነው፦ አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የያዛችሁት ላፕቶፕ ያለውን አቅም በሙሉ እየሰጣችሁ መሆኑን አረጋግጡ። አብዛኛው እየሰጠ አይደለም።

ላፕቶፔ ጌም ላይ ስታክ ያደርጋል። ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በምን ልወቅ?

ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፤ ሲከፈት "ሴንሰርስ" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ጌሙን ከፍታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ ተጫወቱ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ብረቱ ሙቀት እስኪጠግብ ድረስ ሁሉም ላፕቶፕ ደህና ይመስላል። ስትጨርሱ የሚከተሉትን አንብቡ።

የፕሮሰሰሩ ሙቀት 95 ዲግሪ ደርሶ ፍጥነቱ ከወረደ ጉዳዩ የሙቀት ነው። ሙቀቱ 50 ወይም 60 ላይ ሆኖ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸንክሮ ከቀረ ደግሞ ቻርጀሩን ጠርጥሩ። ራሙ 90 በመቶ ከሞላና የዲስኩ መብራት ካላረፈ ራም አንሷል። ግራፊክሱ 100 በመቶ እየሠራ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ማሽኑ ያለውን ሰጥቷል፤ ያኔ ቀሪው ሥራ የጌሙን ሴቲንግ መቀነስ ነው።

8 ጂቢ ራም አለኝ። ጌም ላይ ግን ከጓደኛዬ ተመሳሳይ ሞዴል ላፕቶፕ ያንሳል። ለምን?

የናንተ አንድ ባለ 8 ጂቢ፣ የጓደኛችሁ ሁለት ባለ 4 ጂቢ ሊሆን ይችላል። ድምሩ አንድ ነው፣ ጌም ላይ ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እነዚህ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ የላቸውም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ምስሉን የሚሠራው ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ራም እየተሻማ ነው። ዲዲአር4 2400 የሆነ አንድ ራም በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሲሆኑ 38.4 ይሆናል። መንገዱ በእጥፍ ሰፋ ማለት ነው። ለኤክሴል ይህ ምንም አይደለም፤ ለጌም ግን ለአንድ የቢሮ ላፕቶፕ ሊደረግለት ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ለማየት ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ንኩ፤ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይናገራል። ከሁለት አንዱ ብቻ ተይዞ ከሆነ መፍትሔው እጃችሁ ላይ ነው።

11ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላችሁ በተለይ ይህን ልብ በሉ። አይሪስ ኤክስኢ የተባለው ግራፊክስ ራሙ አንድ ብቻ ከሆነ ስሙ ራሱ ተቀይሮ "ዩኤችዲ ግራፊክስ" ተብሎ ነው የሚታየው። ሻጩ "አይሪስ ነው" ብሎ ሸጦላችሁ ዊንዶውስ ሌላ ስም ካሳያችሁ ተታለልን ከማለታችሁ በፊት ሁለተኛ ራም ጨምራችሁ እዩ።

ታዲያ የትኛውን ራም ልግዛ?

በመጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። እንደ ቲንክፓድ ቲ450፣ ላቲቲውድ ኢ7450 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ2 ያሉት 5ኛ ትውልድ ማሽኖች ዲዲአር3ኤል ይወስዳሉ። ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ 840 ጂ5፣ ቲንክፓድ ቲ480 እና ላቲቲውድ 7490 ዲዲአር4 ናቸው። ሁለቱ አይቀያየሩም፤ ከታች ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ስለሚለያይ አይገቡምም። አልገባ ያለውን በግፊት ማስገባት ማዘርቦርድ ያበላሻል።

ፍጥነቱ ከፍ ያለ ራም ብታስገቡ ችግር የለውም፤ 3200 የተጻፈበት ቲ480 ላይ በ2400 ይሠራል። መጠናቸው የተለያየ ቢሆንም ይሆናል። 8 ላይ 4 ብትጨምሩ የመጀመሪያው 8 ጂቢ በሁለት መንገድ፣ የተረፈው 4 በአንድ መንገድ ይሠራል፤ ከአንድ ራም እጅግ ይሻላል። አቅሙ ካለ ግን 8 እና 8 አድርጉት።

ስማቸው በ"ኤስ" የሚያልቅ አንዳንድ ቲንክፓዶች፣ ለምሳሌ ቲ480ኤስ፣ አንዱ ራም ከቦርዱ ጋር ተበይዶ አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያላቸው። ኤክስ1 ካርበን ላይ ሁሉም የተበየደ ነው፤ እሱን ለጌም ብላችሁ አትግዙ።

ቻርጀር ከጌም ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ይህን ነው። የዴል ክብ ቻርጀር መሃሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ የሚጠይቀው በእሷ ነው። መርፌዋ ከተጣመመች፣ ወይም ገበያ ላይ የተገዛው ቻርጀር መልስ የማይሰጥ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ፕሮሰሰሩን ወደ 800 ሜጋኸርዝ ገደማ ያወርደዋል። ባትሪውንም አይሞላም። ሲበራ ቻርጀሩን አላወቅሁትም የሚል ጽሑፍ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ግን እንዳይረብሸው ቁልፍ ነክቶ ያልፈዋል።

ኤችፒም ቻርጀሩ ካነሰው አቅሙን ይቀንሳል። ቲ480 በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞላ የስልክ ቻርጀር ቢሰኩበት "ቻርጅ እያደረገ ነው" ሊል ይችላል፤ ጌም ላይ ግን ባትሪው እየወረደ ይሄዳል። ለእነዚህ ማሽኖች 65 ዋት ያዙ። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን የቮልትና የአምፔር ቁጥር አባዙት፤ 19.5 በ3.34 ሲባዛ 65 ይመጣል።

በጣም ይሞቃል፣ ፋኑም ይጮኻል። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ የምታስቀምጡበትን ቦታ ቀይሩ። ፍራሽ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ መደብ ላይ በተነጠፈ ስጋጃ ላይ ላፕቶፕ አይቀመጥም፤ አየር የሚስበው ከሆዱ ነው። ከኋላ በኩል ሁለት የእስክርቢቶ ክዳን ወይም ትንሽ ጣውላ አስገብታችሁ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ገንዘብ አያስወጣም፣ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል።

የኛ አገር ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ የሚኖር ላፕቶፕ ፋኑ ላይ የሚይዘው አቧራ ደረቅ አይደለም። ጭሱ ቅባት አለው፤ አቧራውን እንደ ሙጫ አጣብቆ ከፋኑ መውጫ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ያነጥፈዋል። በውጭ ሆኖ እፍ ማለት አያስለቅቀውም፤ መከፈት አለበት። ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑም ይጭስ፤ ላፕቶፑን ግን ከከሰሉ ራቅ አድርጉት።

የአየሩም ጉዳይ አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል። የጦሳ ተራራ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ ግን ቀን ላይ የክፍሉ ሙቀት ራሱ ከፍ ስለሚል ያው ላፕቶፕ እዚያ ቶሎ ይግላል። ቆላ ያላችሁ ማታ ብትጫወቱ ማሽኑም ይመቸዋል።

ቴርማል ፔስት ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሁለትና ሦስት ዓመት ካለፈው ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረካከሳል። የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ የፊሊፕስ መፍቻ፣ ፔስት፣ አልኮልና ጨርቅ ነው። አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶም ይሠራል፣ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከሁሉ በፊት ባትሪውን አላቅቁ። ቲንክፓድ ላይ ሲበራ ኤፍ1 ነክታችሁ ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር ውስጥ "ዲሴብል ቢልትኢን ባተሪ" የሚለውን ምረጡ፤ ማሽኑ ራሱ ይጠፋል። በውጭ ያለውን ሁለተኛ ባትሪ ንቀሉ። ሌሎቹ ላይ ሆዱን ከፍታችሁ የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ንቀሉ።

የማቀዝቀዣው ብረት ብሎኖች አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ስትፈቱ ከ4 ወደ 1፣ ስታጠብቁ ከ1 ወደ 4። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደሌላው መሄድ የፕሮሰሰሩን ጠርዝ ሊሰብር ይችላል፤ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ አስኪዱ። ብረቱ ከተጣበቀ በግድ አትንቀሉት። ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ አሠርታችሁ ሞቅ ካደረጋችሁት ፔስቱ ይላላል።

አዲሱ ፔስት የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል። ብዙ ማድረግ ቅዝቃዜ አይጨምርም፤ ዙሪያውን ይፈስሳል። ፋኑን ስታጸዱ በጣት ያዙት፤ በነፋስ መንፊያ በኃይል ከተሽከረከረ ማቀፊያው ይጎዳል።

የጥርስ ሳሙና ወይም ግሪስ በፔስት ፈንታ የሚቀቡ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ለአንድ ቀን የሠራ ይመስላል፣ ውሃው ሲተን ከድሮው ይብሳል።

ጌሙ ውስጥ የትኛውን ሴቲንግ ልቀንስ?

በመጀመሪያ ሪዞሉሽን። 1920 በ1080 ማለት ለእያንዳንዱ ምስል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ መሥራት ነው፤ 1280 በ720 ግን 921,600 ብቻ። ሥራውን ከግማሽ በታች አወረዳችሁት። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጨዋታው ግን ይለሰልሳል።

ቀጥሎ ጥላን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ ወይም አጥፉ፤ ከዚያ ጠርዝ ማለስለሻውን፣ ነጸብራቅንና የርቀት እይታን። ኤፍፒኤስ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ከ35 እስከ 50 ከዋለለ በ40 ወይም በ30 ገድቡት። ያልተረጋጋ 50 ከተረጋጋ 30 ይልቅ ዓይን ያደክማል፤ ሲገደብ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ባለ 8ኛ ትውልድ አይ5 ማሽን የትኛውን ጌም ይችላል?

ፒኢኤስ 2017፣ የድሮዎቹን ፊፋዎች፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስንና ካውንተር ስትራይክ 1.6ን ያለ ጭንቀት። ጂቲኤ 5 በ720 ሪዞሉሽንና በዝቅተኛ ሴቲንግ 30 ኤፍፒኤስ አካባቢ ያጫውታል፣ ሁለት ራም ካለው። ቫሎራንት ይሄዳል፤ ዊንዶውስ 11 ላይ ከሆናችሁ ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም የተባሉት የደኅንነት ሴቲንጎች ካልበሩ አይከፈትም።

ኢኤ ኤፍሲ 24ን ተዉት። አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ የትኛውም ማስተካከያ የቢሮ ግራፊክስን እዚያ አያደርስም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ሌሊቱን ሙሉ ዳታ አቃጥሎ ካወረዱ በኋላ ከማዘን ያድናል።

ዊንዶውስ ላይ ምን ልቀይር?

ፓወር ሞድን "ቤስት ፐርፎርማንስ" አድርጉ። አብረው የሚከፈቱ ፕሮግራሞችን ከታስክ ማናጀር ስታርትአፕ አጥፉ፤ ክሮምን ከቴሌግራም ጋር ከፍቶ መጫወት 8 ጂቢ ራምን ይጨርሳል። የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር አዲስ መሆኑን እዩ። አንዳንድ ቲ480ዎች ኤምኤክስ150 የሚባል ሁለተኛ ካርድ አላቸው፤ እንዲህ ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ገብታችሁ ጌሙን መርጣችሁ "ሃይ ፐርፎርማንስ" በሉት።

ጥቂት ሰው የሚያውቃት አንዲት ዘዴ አለች። አይ5 8250ዩ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ በአንድነት የሚካፈሉት 15 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ ቱርቦ (ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት ሁኔታ) ገብቶ አብዛኛውን ሲበላው ለግራፊክሱ የሚተርፈው ያንሳል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ በፓወር ኦፕሽንስ የላቁ ሴቲንጎች ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን "ማክሲመም ስቴት" ከ100 ወደ 99 አውርዱት። ቱርቦው ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ግራፊክሱ ተንፍሶ ይሠራል። ግራፊክስ የሚበዛባቸው ጌሞች ላይ ኤፍፒኤሱ ይረጋጋል። ፕሮሰሰር የሚፈልጉት ላይ ግን ይጎዳል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሞክራችሁ ወስኑ።

አንደርቮልት ማድረግ ይጎዳል?

አንደርቮልት ማለት ሙቀቱ እንዲወርድ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ መቀነስ ነው። ይህ ብረቱን አያቃጥልም፤ ሲበዛ ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይጠፋል፣ ሲበራ ይመለሳል። ትሮትልስቶፕ በተባለው ፕሮግራም የኮርና የካሽ ቮልቴጅን እኩል 50 ሚሊቮልት ቀንሱ፣ ተጫወቱ፣ ደህና ከሆነ ቅነሳውን በ10 እየጨመራችሁ ቀጥሉ። "ሎክድ" የሚል ካሳያችሁ በሩ ተዘግቷል፦ በኅዳር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ በሆነ የደኅንነት ክፍተት ምክንያት አምራቾች በባዮስ አፕዴት ዘግተውታል። ለዚህ ብሎ ባዮስን ወደ ኋላ መመለስ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማሽን መግደል ነው።

ጌም ቡስተር የሚባሉት ፕሮግራሞችስ?

አይጠቅሙም። ከማይታወቅ ፍላሽ የተገለበጠ ጌም ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዳንዱ በድብቅ ፕሮሰሰሩን ለሰው የሚያሠራ ፕሮግራም ይዞ ይገባል። ጌም ሳትከፍቱ ፋኑ ከጮኸና ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ዝም ካለ ጠርጥሩት።

ኤስኤስዲ ብቀይር ኤፍፒኤስ ይጨምራል?

አይጨምርም። ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፤ ጂቲኤ 5 ላይ መኪና ስትነዱ መንገዱ ሳይሠራ የሚቀርበት መቆራረጥም ይጠፋል። እስካሁን በሃርድ ዲስክ ያለ ሰው ከራም ቀጥሎ ይህን ያድርግ።

ባዮስ ውስጥ የግራፊክስ ሜሞሪን ወደ 512 ሜጋባይት ባሳድግ?

ፍጥነት አይጨምርም፤ ኢንቴል ሲያስፈልገው ከራሙ ራሱ ይወስዳል። የሚጠቅመው "ቪዲዮ ሜሞሪ አነሰ" ብሎ አልከፈትም ላለ ጌም ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ጌሙ ወዲያው ይከብዳል። የተለመደ ነው?

አዎ፤ በባትሪ ሲሠራ ማሽኑ ዋት ይቀንሳል። ያረጀ ባትሪ ከሆነ ጭራሹን ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። የመዳፊቱ ሰሌዳ (ታችፓዱ) ከፍ ካለ ወይም አልነካ ካለ ባትሪው አብጦ እየገፋው ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን ጌሙን አቁማችሁ ባትሪውን አስወጡ፣ አትውጉት፣ አትጫኑት።

ለጌም ብዬ ስላሽ (ያገለገለ) ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ሱቅ ውስጥ ምን ልይ?

ኤፍ1 (ሌኖቮ)፣ ኤፍ2 (ዴል) ወይም ኤፍ10 (ኤችፒ) እየነካችሁ አብሩት። ባዮሱ ፓስዎርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ ቲንክፓድ ላይ ይህ ፓስዎርድ የባዮስ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የአንድ ድርጅት ስም ይዞ ኢሜይል የሚጠይቅ ማሽንም እንዲሁ ይቅር።

ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ከዚያ በታች ያለውን በርካሽ ካልሆነ አትውሰዱ። የራም ማስገቢያውን በታስክ ማናጀር ቁጠሩ። ከዚያ ከሻጩ ቻርጀር ጋር ሰክታችሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ሳይሆን ከባድ ጌም ከፍታችሁ፣ 15 ደቂቃ አቆዩት። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ፤ ሻይ እዘዙና ቁጥሩን እያያችሁ ተቀመጡ።